በሩ ላይ እኔ አለሁ

አክስቴ በርጩማዋን ሁልጊዜ የምታኖረው በሩ ላይ ነበር። ጀርባዋን ለቤቱ፣ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ በቆሎ ትፈለፍላለች። በደርግ ጊዜ ከባሌ ዱላ አምልጬ፣ ከቀይ አፈር ከተማ በጭነት መኪና ጂንካ እሷ ቤት የደረስኩ ቀን፣ ምንም አልጠየቀችኝም። «ግቢና ተኚ፤ በሩ ላይ እኔ አለሁ» ብቻ አለችኝ።

በሳምንቱ ባሌ ሽማግሌዎች ላከ። ተቀመጡ ስትላቸው፣ እንደ ወጉ፣ «ልጅቷን ለባሏ ካልመለስሽልን አንቀመጥም» አሉ። ሽማግሌ ቆሞ ከለመነ እምቢ ማለት ነውር ነው። አክስቴ ግን ከበቆሎዋ ቀና እንኳ አላለች።

«እንግዲያው ቁሙ፣ አባቶቼ። እሷም ጀርባዋ ቆስሎ መቀመጥ ካቃታት ሳምንቷ ነው።»

ቆሙ። ቆይተው እግራቸው ሲዝል ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ። ቁስሌ የዳነው የበቆሎው ፍሬ ሰፌዱ ላይ ሲወርድ እየሰማሁ፣ እንቅልፌን ተኝቼ ነው።

ከዓመታት በኋላ አክስቴ አረፈች። ከቀብሯ መልስ ለቀስተኛው ሲበተን፣ አንዲት ጎረቤት የአክስቴን በርጩማ ወደ ጓዳ አስገባችው። አውጥቼ ቦታው መለስኩት። ጋደም ስል ጆሮዬ አሁንም መንገዱ ላይ ነው።

አክስቴ፣ አሁን በሩ ላይ ማን አለ?