የማይረገጠው ዜብራ

ዳቬይተን፣ ከጆበርግ ወጣ ብሎ፣ ጎህ ሲቀድ

ሱቄ በር ላይ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ ቆሜያለሁ። ጸሎት አይደለም፤ እዚህ አገር ታክሲን «ወደ ከተማ ነኝ» የምንለው እንዲህ ነው። ብርዱ ጥርሶቼን እርስ በርስ አጣልቷቸዋል። ዛሬ የምሄደው ዕቃ ልገዛ ሳይሆን ዜብራ ልጎበኝ ነው። ከተማው ውስጥ ጀፕስታውን፣ ቸርቻችን ፊት ለፊት ያለው ነጭ መስመር ከተፋቀ ወዲህ የሚቆም ሹፌር ጠፍቶ ነበር። እዚሁ ጆበርግ የተወለደችው የእህቴ ልጅ ሳሮን አስፈቅዳ፣ መንገዱን በቀለም አሳመረችው።

መንገድ ላይ

ታክሲው ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ግማሽ ሕዝብ ተጭኗል። የቀረው ግማሽ በሩ ላይ ነው። የአንዲት ሴትዮ ትኩስ ፌትኩክ፣ የዚህ አገር ቦምቦሊኖ፣ ጉልበቴ ላይ ዘይቱን ያንጠባጥባል።

«ማይ ፍሬንድ፣ ያቺ ባለአበባ መንገድ ጋ ነህ?» አለኝ ሹፌሩ። «እዚያ ስደርስ እኔም ፍሬን እይዛለሁ።»

እሱ ፍሬን ከያዘ አንበሳም ሣር በልቷል።

ጀፕስታውን፣ ረፋድ ላይ

ዜብራው ሰርግ ቤት መስሏል፦ ቢጫ አበባ፣ ሰማያዊ ወፍ፣ መሃሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ የጌታ ስም። መኪናው ሁሉ ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በደስታ ተሻገርኩ። ሳሮን ግን ፊቷ ጠቆረ።

«አንተም፣ አንክል?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ዞረህ እኮ ነው የተሻገርከው!»

እውነቷን ነው። እግሬ ሳያማክረኝ ስሙን ሸሽቶ መኪና መሃል ገብቷል። ፊደሉን የማያውቁት የሰፈሩ ሰዎች በአበባው ላይ በሰላም ያልፋሉ፤ ለአደጋ የተጋለጥነው ማንበብ የምንችለው ብቻ ነን።

ይህን እያልን የቸርቿ አንጋፋ እናት፣ እማማ ደስታ፣ በዳር በኩል ሲዞሩ አንድ ታክሲ የነጠላቸውን ጫፍ ጠርጎት አለፈ። ሳሮን ጮኸች።

«ጌታን ከምረግጥ መኪና ይርገጠኝ!» አሉ እማማ።

«ስለዚህ ላጥፋው?»

 ስሙን በቀለም መድፈን ከመርገጥ አይብስም? በሩ ላይ የቆምነው የቸርቿ ወንዶች ጫማችንን መመርመር ጀመርን።

እማማ ደስታ ግን ጫማቸውን አወለቁ። በካልሲያቸው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ስሙን ቀስ ብለው ረግጠው ተሻገሩ። ታክሲዎቹ ጥሩንባ ሳይነፉ ጠበቁ፤ በጆበርግ ይህ ከባሕር መከፈል ቀጥሎ ይመዘገባል።

«አሁን አጥፊው፣ ልጄ፤ ይቅርታውን ለምኜልሻለሁ» አሉ ከማዶ። «ስሙን ቸርቿ በር ላይ ጻፊልን፤ እዚህ አበባሽ ይበቃናል። በየቀኑ ጫማ እያወለቅሁ የዚህን አገር ክረምት አልችለውም።»

ሳሮን እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ብሩሿን ይዛ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። እኔ መኪኖቹ ፊት ቆሜ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ። አንድ ታክሲ አጠገቤ ቆሞ በሩን ከፈተልኝ።

«ወደ ከተማ ነህ?»

«አይደለም» አልኩት፤ «ይኼኛው ጸሎት ነው።»