ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የገባው አምፖል

አባቴ ዘርአ ዳዊት በደርግ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚጠግን ብቸኛ ሰው ነበር። የጎረቤላ ቄስ ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው ወታደር ሆኖ በመገናኛ ክፍል ሲያገለግል ነው። ትዕግሥት ግን ከየትም አልተማረም። ሰው አንድን ነገር ሁለቴ ከጠየቀው መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወልደተንሣኤ አስጠራው። የቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ከደበዘዘ ወራት አልፎታል፤ ሰውም መንገዱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። መስከረም ሁለት ደግሞ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ይከበራል፤ ሕዝቡ አዳራሽ ገብቶ በዓሉን በቀጥታ እንዲያይ ታዟል።

አባቴ የኋላ ክዳኑን ፈትቶ አየና፣ “ሥዕል የሚያወጣው ይህ ትልቁ የመስታወት ቱቦ ነው። አርጅቷል። ካልተቀየረ አይበራም” አለ።

“ጠይቀን የለም ተብለናል። አንተ አብራው።”

“አርጅቷል ነው የምልዎት።”

“ገብቶኛል። አብራው።”

በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተጠራ። አንዱ የቀበሌ ሰው መስታወቱን በነጭ ጋዝ ወልውሎት ቆየው። ሌላው አንቴናው ወደ አንኮበር ይዙር ብሎ ተከራከረው። እቤት ሲመጣ እናቴን ወይዘሮ አልታየችን፣ “አርጅቷል የሚለው ቃል ምኑ ነው የማይገባቸው?” እያለ ይጠይቃታል።

ለአራተኛ ጊዜ ተጠርቶ ሲሄድ አዳራሹ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ሊቀመንበሩ ክዳኑን አስወልቆ የመቶ ሻማ አምፖል ከጀርባ አስገብቶ አብርቷል። ከፊት ምንም አልተለወጠም፤ የሽቦዎቹ ልባስ ግን መቅለጥ ጀምሯል።

“ይህን ማን አደረገው?” አለ አባቴ አምፖሉን እየነቀለ።

“እኔ። ፋኖስ ከመጋረጃ ኋላ ብታስቀምጥ መጋረጃው አይበራም?”

“ይህ መጋረጃ አይደለም ጓድ። እዚህ ውስጥ ሥዕሉና ብርሃኑ አንድ ናቸው፤ የሚበራው መስታወቱ ራሱ ነው። ሥዕሉ ለብቻው፣ መብራቱ ለብቻው የሆነ ቴሌቪዥን ሲሠራ ያኔ አምፖልዎን ይዘው ይምጡ።”

ያ ቴሌቪዥን ኋላ ተሠርቷል። ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በአብዛኛው ሥዕሉ በራሱ አይበራም፤ ኤልኢዲ የሚባሉ ጥቃቅን መብራቶች ከጀርባው ተደርድረው ነው የሚያበሩት። እንደ ድሮው ሆድ የሌለው፣ ቀን በብርሃንም ጥርት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ሸሪፍ የሚባል ባለሱቅ አንዱን ከፍቶ ሲያሳየው አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፎት ነበር። ጎንበስ ብሎ መብራቶቹን አየና፣ “ወልደተንሣኤ ይህን እንዳይሰማ” አለ።

በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ሊቀመንበሩም ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደው። “አልሠራም ማለት አሻጥር መሆኑን ታውቃለህ?” አለው። በዚህ ቃል የታሰረ ብዙ ሰው ነበር።

“አንድ መንገድ አለ” አለ አባቴ። “ቱቦው ውስጥ ያለውን ክር ከልኩ በላይ ማሞቅ ነው። ትንሽ ያበራና ይሞታል። መስኮቶቹን ከጋረድን ግን ብዙ ሳላሞቀው ይታያል።”

“በአብዮት በዓል አዳራሽ አይጨልምም። ይሙቅ።”

የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ባፈና አጠገባቸው ቆመው ይሰሙ ነበር።

መስከረም ሁለት ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፀሐይ በስድስቱም መስኮት ትገባለች። አባቴ እየተነጫነጨ የክሩን ሙቀት ከልኩ በላይ ጨመረ። ሥዕሉ ቦግ ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሊቀመንበሩም ራሱ የሠራው ይመስል እጁን አነሣ። ታንኮቹ ማለፍ ሲጀምሩ ሥዕሉ ከመሐል አበጠ፣ ነጣ፣ ጠፋ። የማርሹ ሙዚቃ ብቻ ቀረ።

ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ዞረ። “አሻጥር ነው” አለ፤ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎችም ክንዱን ያዙት።

ወይዘሮ ባፈና ከመቀመጫቸው ተነሡ። “ጓድ፣ ይሞታል ብሎ ነግሮዎታል። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ።”

“አላለኝም።”

“ብሏል። እርስዎም ይሙቅ ብለዋል። አውራጃ ብጠራም የምናገረው ይህንኑ ነው።”

ጥበቃዎቹ ወደ ሊቀመንበሩ፣ ሊቀመንበሩም ወደ ጠፋው መስታወት አየ። በመጨረሻ ልቀቁት አለ። ተነሥቶ ለመውጣት የደፈረ ሰው ስላልነበረ፣ ሕዝቡ በጠፋው መስታወት ፊት ተቀምጦ ሰልፉን እስከ ፍጻሜው በጆሮው ተከታተለ። አባቴም አብሮ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ጠዋት መልእክተኛ መጣ፤ ጓድ ወልደተንሣኤ ቴሌቪዥኑ ለምን እንደማይበራ መጥተህ እይልኝ ብሎሃል አለው። አባቴ ሄደ፤ የሞተውን ቱቦ ፈትቶ አወጣና የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀቶቹ መሐል አስቀመጠው። አዲስ ቱቦ የመጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ገጠመው፣ ሥዕሉ ጥርት ብሎ መውጣቱን አየ፣ ሊቀመንበሩ ከቢሮው መጥቶ ሌላ ሳያዝዘውም ዕቃውን ሰብስቦ በጓሮው በር ወጣ።