ደራሲው አይናገርም

በረዶው የተሰነጠቀው ጎህ ሲቀድ ነበር። ከፊንላንድ ስደተኞች የተወለደው ኡርሆ ላምፒ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ከአርቮ ጋር በአሜሪካ በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ የዓሣ መረባቸውን ሊያነሱ ወጥተው ሳለ ነፋሱ ዞረና የቆሙበትን በረዶ ገመሰው። አርቮ ውሃው ውስጥ ገባ። ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ኡርሆ በሆዱ ተኝቶ ያዘ፤ ግን የወንድሙ ክብደት እሱንም ወደ ስንጥቁ ይጎትተው ጀመር። አርቮ ይህን አየ። ቀና ብሎ ታናሹን ተመለከተና በደነዘዘ ጣቱ ቋጠሮውን ፈታው። ኡርሆን አጥማጆች በማግስቱ አገኙት። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ቢያጣም ነፍሱ ተረፈች።

የአርቮ ሚስት ሄልሚ ገና ሙሽራ ነበረች። ኡርሆ ያየውን ነገራት፤ እሷም ያንን ይዛ ኖረች። ሊያገባት የመጣውን ሁሉ "ባል አለኝ፤ ወንድሙን ሊያተርፍ ሄዶ ነው" እያለች መለሰች።

ኡርሆ ጉልበቱን በመዳብ ጉድጓድና በእንጨት ቆረጣ ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ ነው መጽሐፍ ማንበብ የጀመረው። ካነበበም አይቀር በደንብ ላንብብ ብሎ በከተማው ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ትምህርት ገባ። የልጅ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ቁጭ ብሎ፣ አንድ ልብ ወለድ አንባቢው በተመለከተበት መንገድ ልክ ሌላ ሌላ መልክ እንደሚያወጣ ተማረ። ደስም አለው።

በዚያ ክፍል ተማሪዎች የራሳቸውንም ድርሰት በየተራ ያቀርባሉ፤ አንድ ደንብም አለ። የተማሪ ድርሰት ሲተች ደራሲው ወንበሩን ከክቡ አውጥቶ ግድግዳው ጋ ይቀመጣል፤ አይናገርም። ሁሉም ሲጨርሱ "አመሰግናለሁ" ብሎ ይመለሳል። ወጣቶቹ በየተራቸው ሲነጫነጩ ኡርሆ "ቻል አድርጉት! ድርሰታችሁ አድጓል፤ ከቤት ይውጣ" እያለ ይገሥጻቸው ነበር።

የእሱ ተራ ሲደርስ የጻፈው ያንኑ የበረዶውን ቀን ነው፤ የወንድማማቾቹን ስም ብቻ ለወጠ። ሄልሚን ይዟት መጣ። ያረጀች ሴት ናት፤ ለክፍሉ ሰዎች የተጎነጎነ ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ከኋላ ተቀመጠች።

"አቶ ላምፒ፣ ዛሬ አፍዎን ልናስርልዎ ነው!" አለው ኮልተን የሚባለው ቀልደኛ።

"ፊንላንዳዊን ዝም በል ማለት ዓሣን ዋኝ ማለት ነው" አለና ኡርሆ ወንበሩን ጎተተ።

ኮልተን በሠራተኛና በአሠሪ ዓይን አነበበው፤ ልጆቹን በዚያ አየር የላካቸው ዓሣውን የሚገዛቸው ነጋዴ ነው፣ ገዳዩም እሱ ነው አለ። ኡርሆ በሆዱ "ጎሽ" አለ። ሌላ ተማሪ የሴቶችን ነገር አንሥታ "ሚስቲቱ ስም እንኳ የላትም፤ ታለቅሳለች፣ በቃ" ስትል ሄልሚ ከኋላ ሳቅ አለች። ከዚያ ታሊያ ተነሣች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ የሰውን የተደበቀ ምኞት በሚፈልገው መንገድ ነበር ያነበበችው።

"ተራኪው 'ገመዱ ቀለለኝ፣ ቀለለኝ' እያለ ይደጋግማል። ለምን? ታላቁ ቋጠሮውን ፈታ የሚለው ተራኪው ብቻ ነው፤ ሌላ ያየ የለም። እኔ እንደማነበው ገመዱን የለቀቀው ታናሹ ነው። መደጋገሙ ራሱ ማስተባበያ ነው። ሰው አጥብቆ የሚያስተባብለው የፈጸመውን ነው።"

ክፍሉ በአድናቆት ተንሾካሾከ። ኡርሆ ወደ ሄልሚ አየ፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ደርቀዋል። ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ኡርሆ፣ ደንቡን ያውቁታል" አለች መምህርቷ ማርጎ በፈገግታ።

ያውቀዋል። ሌሎችን በዚሁ ሲገሥጽ የኖረ ሰው ነው፤ ለራሱ ሲሆን ማፍረስ አፈረ። ዝም አለ። ሰዓቱ አለቀ፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ታሊያ ከፊቱ ቆማለች።

"አመሰግናለሁ" አላት።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሄልሚ ተናገረች።

"አመሰገንካት።"

"ደንብ እኮ ነው፣ ሄልሚ።"

"ገመዱን ለቀቅክ ተብለህ ታመሰግናለህ?"

"አልለቀቅኩም! ባይኔ አይቼዋለሁ፣ ቋጠሮውን ሲፈታ!"

"አትጩህብኝ። አጥብቀህ እንደምታስተባብል ልጅቷ ቀድማ ተናግራለች።" ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "ይህን ሁሉ ዘመን የኮራሁበት ሰው አንተ ፈጥረህ የጻፍከው ነበር እንግዲህ?"

ከዚያ በኋላ ኡርሆ በማለ ቁጥር የሄልሚ ጥርጣሬ እየባሰ ሄደ። ዝም ሲል አመነ ተባለ፤ ሲናገር አስተባበለ ተባለ። ታሊያን ወደ ሄልሚ ቤት ይዟት ሄዶ ነበር፤ ልጅቷ ከልቧ አልቅሳ "እማማ፣ ስለ ወረቀቱ ነው እንጂ ስለ ሰው አልተናገርኩም" አለቻት። ሄልሚ ቡና ቀዳችላት፤ በደግነት አስተናገደቻት፤ አላመነቻትም። የባሏን ስም ግን ማንሣት ተወች። እስክትሞትም ድረስ "ባል አለኝ" ስትል የሰማት የለም።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንዲት ጎረቤቱ፣ ሲልቪ፣ "ለመሆኑ ያ ኮሌጅ ጠቀመህ ወይ፣ ኡርሆ?" አለችው።

"ማንበብ አስተማረኝ" አላት። "በማንበቤ አልጸጸትም፤ ልጅቷም በመንገዷ በደንብ ነው ያነበበችው። ግን እንዴት ተነበብኩ የሚለው ለእኔ ትልቁ ነገር አልነበረም። ትልቁ ነገር ሄልሚ ባሏን በልቧ ይዛ እንድትሞት ነበር። እውነቱ እኔ ጋ ነበር፣ ሲልቪ። በእጄ ይዤው ልሰጣት አልቻልኩም።"