አጥባቂዋ እጄ

ቆላ ወርጄ ሽንፋ ከተማ ፀጉር እሠራ በነበረበት ዘመን፣ የእኔ ሹሩባ የሰሊጥ አጨዳ እስኪያልቅ አይፈታም ይባል ነበር። ለአጫጆች ምግብ ለማብሰል ወደ እርሻ የሚወርዱ ሴቶች ጉዟቸው ሲቃረብ ደጃፌ ላይ ይሰለፋሉ። እዚያ ፀጉር የሚሠራ ስለሌለ፣ አንዴ የተሠራው እስኪመለሱ መቆየት አለበት። እኔም ቅንድባቸው ወደ ላይ እስኪሳብ እጎትታለሁ። "ካላመመ ሹሩባ አይባልም" እያልኩ እኩራራ ነበር።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ የልጄን ከሁሉም አስበልጬ አጠብቀው ነበር። ስምንት ዓመቷ ነበር። ስታለቅስ በጉልበቴ አጣብቄ ይዤ እጨርሳለሁ። ግንባሯና ጆሮዋ አጠገብ ያለው ፀጉር መሳሳት ሲጀምር በቆላው ሙቀት አሳበብኩ። ይባስ ብዬ የሳሳው እንዳይታይ የቀረውን አጥብቄ ሳብኩት። ትምህርት ቤት ሲስቁባት ሻሿን ማውለቅ ተወች። አንድ ቀን ጠዋት "እማዬ፣ ላጪኝና ልረፍ" አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ከወሎ የመጣችው ነርስ ሻሹን ፈታ በሹሩባው ሥር የወጡትን ብጉሮች አየች።

"ማን ነው የሚሠራት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ፣ ያውም በኩራት።

"እንግዲያው መድኃኒቷም አንቺው ነሽ። ብጉሩን ይኸን ቅባት ትቀቢላታለሽ። ፀጉሯን ግን ፍቺና አሳርፊው፤ ኋላም ስትሠሪያት ላላ አድርገሽ ነው። ሥሩ ገና አልሞተም። እንዲህ ስትጎትቺ ብትከርሚ ኖሮ አይመለስም ነበር።"

አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኞቼም አላልቼ መሥራት ያዝኩ። "እጇ ደከመ" ብለው ወደ ሌላ ሠሪ የሄዱ አሉ፤ ይቅናቸው።

የልጄን ፀጉር ፈትቼ ለቀቅኩት። በየጠዋቱ ግንባሯን በጣቴ እዳብሳለሁ፣ ምንም የለም። ወራት ካለፉ በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ጣቴ ለስላሳ ነገር ነካ። ደጅ አውጥቼ በብርሃን አየሁት፤ እንደ ጫጩት ላባ ያለ ፀጉር በቅሏል። በደስታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

ለእንቁጣጣሽ "ልሥራሽ?" አልኳት። ብዙ አሰበች። ከዚያ እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፍና፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ከፊቴ ተቀመጠች። አዲስ የበቀለውን ሳልነካ ከመሃል ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይታ "እማዬ፣ አትጀምሪም እንዴ?" አለችኝ።

ሦስተኛውን ጉንጉን እየጨረስኩ ነበር።