እርጥብ ወለል ላይ የተቀጠለ ገመድ

ታላቅ እህቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ሰፈሩ «እትዬ አይሆንም» ይላታል። ሰው ገና አፉን ሲከፍት «አይሆንም» ትለውና ምን እንደፈለገ የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እናታችን፣ እህቴ ባል ያጣችው በዚህ ጠባይዋ እንደሆነ ታምናለች። እህቴ ደግሞ የመጡትም አይሆኑም ነበር ባይ ናት።

የዕቃ መደብር ነጋዴዎች አይወዷትም። አሁን አሁን የገመድ መሸፈኛው ዓይነት በዝቷል፤ ተራው ጥቁር ናስትሮ አለ፣ ሲለጠጥ እርስ በርሱ የሚጣበቅ የጎማ ናስትሮ አለ፣ በቆርቆሮ የሚሸጥ፣ በብሩሽ የሚቀባ ፈሳሽ ጎማም መጥቷል። አንድ ጎረቤታችን አዲስ ቤት ሠርቶ ይህን ሁሉ በካርቶን ሙሉ ገዝቶ መጣና በየሶኬቱ ፈሳሹን ቀቢልኝ አላት።

«ደረቅ ግድግዳ ውስጥ፣ በብሎን የታሰረ ሽቦ ላይ ምን ሊሠራልህ? ከተራው ናስትሮ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር የለም። ገንዘቡ ካስቸገረህ በርህን ቀባበት!» ብላ ካርቶኑን አሸክማ መለሰችው።

ወሬው እኔ ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ድረስ ደረሰ። አሠሪዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ነገሩንም አልረሳውም።

እኛ የሆቴል አንሶላ እናጥባለን። ወለሉ ደርቆ አያውቅም፣ ቦቲዎቻችንም ተቀደዋል። የትልቁ ማጠቢያ ማሽን ገመድ ከግድግዳው ተነሥቶ ወለሉን አቋርጦ ነበር የሚሄደው። የጋሪ ጎማ ሄዶበት ሲበጠስ የአሠሪያችን ሚስት ወንድም ቀጠለውና በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለው። እሱን እኛ «ሁሉን ዐዋቂው» ነው የምንለው፤ የማያውቀውን ነገር ሲነግሩት ሰምቶ አያውቅም።

ጥቂት ቀን ደህና ከረመ። አንድ ጧት የማሽኑን በር ስይዝ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝና አንሶላው ክምር ላይ ጣለኝ። አሠሪዬ አይቶኝ «ላብሽ ነው» አለኝ። ላቤ! ንዴቱ ከንዝረቱ ይልቅ አቃጠለኝ። ለእህቴ ደወልኩላት።

መጣች፣ ፊውዙን ነቀለች፣ መጋጠሚያውን ፈታችው። ሙጫው በውሃና በሳሙና ሟሙቶ ናስትሮው እጇ ላይ ተልፈሰፈሰ፤ ውስጡ ውሃ ቋጥሯል። ይባስ ብሎ የመሬቱ ሽቦ፣ ያ አረንጓዴና ቢጫው፣ ከማሽኑ አካል ላይ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ በእኛ ሰውነት ሳይሆን በራሱ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ጭራሽ አልተቀጠለም።

«ይሄኛውስ?» አለች እህቴ።

«እሱ ትርፍ ነው፤ ማሽኑ ያለሱም ይዞራል» አለ ሁሉን ዐዋቂው።

እህቴ ወደ አሠሪዬ ዞረች። «ጋሼ፣ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። እንዲህ ያለ ወለል ላይ መቀጠል አይገባም።»

«ገመዱ እስኪመጣ ቀን ይፈጃል። እስከዚያ በናስትሮ ጠቅልይው።»

«እንግዲያው ፈሳሹን ቀብቼ፣ ከላዩ በጎማው ጠቅልዬ፣ ከወለሉ አንሥቼ ግድግዳው ላይ አስረዋለሁ። እስከ ነገ አይነካም።»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ከንቱ ወጪ ነው ያልሽው?»

«ለደረቅ ግድግዳ ነው ያልኩት! ይሄ ደረቅ ነው? ካልሲዎ ሳይቀር ርሷል እኮ!»

ሦስቱንም ሽቦዎች አድርቃ ቀጠለቻቸው፣ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ፈሳሽ በስሱ ቀባቻቸውና እስኪደርቅ የግድግዳ ማሰሪያ ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ ማሽኑ ይዞራል። ሁሉን ዐዋቂው «እንዲጠነክር» ብሎ የቀረውን ፈሳሽ በሙሉ ደፍቶበት ፊውዙን መልሶታል። እህቴ ነቀለችው፣ መጋጠሚያውን በቢላ ሰነጠቀችው። ላዩ ቆዳ አውጥቷል፣ ውስጡ እንደ አጥሚት ነው።

«ይሄ ነገር በስሱ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ነው የሚደረበው። እንዲህ ከተደፋ ውስጡ አይደርቅም፤ ያልደረቀ ደግሞ ማንንም አያድንም» አለችና ከመጀመሪያው ልትጀምር ጠርጋ አነሣችው። ፊውዙን ኪሷ ከተተችው።

«አምጪው! የኔ ንብረት ነው!» አሠሪዬ ጮኸ።

«እህቴ ደግሞ የኔ ናት። በጣም ከቸኮሉ ግን ልመልሰው። እርስዎ ጫማዎን ያውልቁና መጀመሪያ በሩን ይያዙት።»

ውሃውን አየ። ጫማውን አላወለቀም።

«ነገ ጨርሰሽ ውጪ፤ ከዚያ በኋላ ደጄን እንዳትረግጪ!»

«ይሁን» አለች።

የዚያኑ ዕለት ሌላ ፈሳሽ አምጥታ በስሱ ቀባችው፤ በማግስቱ የደረቀውን በጎማው ናስትሮ፣ ወርዱ ግማሽ እስኪሆን እየለጠጠች፣ ዙሩን በዙር ላይ እየደረበች ጠቀለለችው። ጎማው እንዳይፋቅ ጥቁሩን ከላዩ አለበሰችውና ገመዱን ከወለሉ አንሥታ ግድግዳው ላይ አሰረችው። እኔ በሩን ልይዝ እጄን ስዘረጋ መታችኝ።

«እህቴ ናት ብለሽ አትንኪ! መጀመሪያ ቴስተሩን እዪ።»

እኔንም፣ ሌሎቹንም አጣቢዎች ሰብስባ፣ በሩ ላይ ኤሌክትሪክ ካለ የቴስተሩ መብራት እንደሚበራ አሳየችን። የማሽኑን ክዳን ከፍታ የመሬቱ ሽቦ የት እንደሚታሰር በካቻቢቴዋ ጫፍ ጠቆመችን። ከዚያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አዲሱ ገመድ ሲመጣ የተጠራው እሷ ሳትሆን ሁሉን ዐዋቂው ነው። ሊያፌዝባት አሮጌውን መጋጠሚያ በቢላ ቀደደው። መዳቡ ደረቅ ነበር፣ ያብረቀርቃል። «እንዲህ ደህና ከሆነ አዲስ ለምን አስገዛችን?» አለ አሠሪዬ! ይህን ሰው አምላክ ይየው። እሷን ማመስገን ከፈለገ አፉ ይቃጠል ይሆን?

ሁሉን ዐዋቂው አዲሱን ገመድ አስገብቶ ክዳኑን ዘጋ።

«ጀምሩ!»

ቤት ኪራዩም፣ የልጆቼ ምሳም በዚህ ማሽን በር ላይ ነው ያለው። ቢሆንም፣

«ክዳኑን ክፈተው» አልኩት። «የመሬቱን ሽቦ አሳየን።»

«ሥራ ያልፈለገ በሩ ያው!» አለ አሠሪዬ።

«ይከፈት» አልኩ እንደገና። ልብስ ተኳሿ ካውያዋን አስቀምጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሌሎቹም መጡ፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው። አሠሪዬ እኛን አየ፣ የአንሶላውን ክምር አየ፣ በመጨረሻ «ክፈትላቸው» አለው።

ብሎኑን ፈታ። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ጥግ ላይ ተጠምዝዞ ተቀምጧል፤ የትም አልታሰረም።

አሠሪዬ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ቀና ብሎ እጄን አየው፣ ያንን የተነዘረውን። ስልኩን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«እህትሽን ጥሪያት።»

እኔም እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ።

«ያባረሯት እርስዎ ነዎት» አልኩት። «ራስዎ ይደውሉላት።»

ደወለ።