የሐዘን ጢም

ሰውዬው ሁለት ጎረምሳ ልጆቹን እየነዳ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለው የደርቤ ፀጉር ቤት ገባ። ደርቤ አይቷቸው አያውቅም። ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል፤ ፀጉርና ጢማቸውም እንዳደገ ነው።

«ተቀመጡ እንጂ!» አለ ሰውዬው። «የእናታችሁ ተዝካር ከወጣ ቆየ። እስከ መቼ እንደ ባሕታዊ ትሆናላችሁ? አሰለቻችሁኝ እኮ!»

«መጀመሪያ እርስዎ ይላጩ፣ አባባ» አለ ትልቁ።

ሰውዬው እየተነጫነጨ ተቀመጠ። ደርቤ ማሽኑን አስነሥቶ ወደ ጢሙ ሲያስጠጋ ግን ሰውዬው እጁን ጭምድድ አድርጎ ያዘው።

«ቆይ... ቆይ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

መስታወቱን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ብድግ አለ። ወዲያው ልጆቹ ላይ ጮኸ፦

«በእናንተ የተነሣ ቀኔ ባከነ!»

«እሺ አባባ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለ ትንሹ፣ ክንዱን ደግፎ ደጁን እያሻገረው።