ውሃ የመለሰ ውሻ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውሻችን የበላውን ሁሉ ይመልስ ጀመር። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አንገቱን ዘርግቶ ባዶ ይውጣል። ሱሉልታ ውስጥ ለሃጩን የሚያዝረበርብ ውሻ ምን እንደሚባል የሚጠፋው ሰው የለም።

ጎረቤታችን ላም የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው። የሚለየን አጥር ብቻ ነው፤ የእበታቸው ክምርም እዚያው አጥሩ ሥር ነው። ድሮ አንዲት ጊደራቸውን እብድ ውሻ ነክሶ ገድሎባቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አልፈርድባቸውም። ያን ቀን ግን ዱላቸውን ይዘው በራችን ላይ ሲቆሙ ደሜ ፈላ።

«ሰሬን መራቴ» አሉ፤ ውሻው አብዷል ማለታቸው ነው። ከኋላቸው የሰፈር ጎረምሶች ድንጋይ ጨብጠዋል። ተከትቧል ብል ማን ይስማኝ! የታሰረው ሞኝ ውሻችን ደግሞ እንግዳ የመጣለት መስሎት ጭራውን ይቆላል።

ሽማግሌው ግን ሰው ናቸው። እብድ ውሻ ውሃ ይሸሻልና ውሃ ቀርቦለት ይታይ አሉ። በሳህን አቀረብኩለት። ሳህኑን እስኪጨርስ ጠጣ። ጎረምሶቹ ድንጋያቸውን ጣሉ፣ እኔም ተነፈስኩ። ወዲያው አንገቱን ዘረጋና ውሃውን እንዳለ መለሰው።

«ይኸው፣ ውሃው አልተስማማውም» አለ አንዱ። ድንጋዮቹ እንደገና ተነሡ።

መሐል ገብቼ ቆምኩ። ከድንጋዩ በላይ ያስፈራኝ ምናልባት እውነታቸውን ቢሆንስ የሚለው ነበር፤ የልጆቼ እጅ ከዚህ ውሻ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የመለሰውን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ግማሽ አካሏ የታኘከ ጥቁር ጥንዚዛ ወጣች።

«ይቺማ የእኔ ክምር ጥንዚዛ ናት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ዝናብ ሲጥል ውሻው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ እበት የሚያንከባልሉትን ጥንዚዛዎች ሲያሳድድ፣ ልጆቼ ይስቁ ነበር።

«አባባ፣ ሐኪም ይየው። አብዷል ካለ እኔው ራሴ አሳልፌ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው። በሩ ላይ ተቀመጡ፣ ዱላውን ጭናቸው ላይ አጋድመው።

የእንስሳት ሐኪሙ ለጥንቃቄ ታስሮ እንዲቆይ አዘዘ። ዐይነ ምድሩን ወስዶ ከመረመረ በኋላ ግን እብደት አይመስለኝም አለ፤ ጉሮሮው ውስጥ ትል ገብቶ አሳብጦታል። ትሉን ያመጣችው ጥንዚዛዋ ናት። እብጠቱ ከጠና መድኃኒት እንደማይመልሰውም አልደበቀኝም። ሽማግሌው ጥንዚዛቸው ስለተከሰሰች ቅር ብሏቸው፣ እሷስ ከየት አመጣችው ብለው ጠየቁ። ከውሻ ዐይነ ምድር ነው አላቸው። የእኛው ጉድ ደግሞ የሚጸዳዳው እዚያው ክምሩ ሥር ነው።

«እንግዲያው የራሳችሁ ነው የተመለሰላችሁ» አሉኝ። አፍሬ ሳቅሁ።

ሐኪሙ ያዘዘለትን የትል መርፌ ከወሰደ በኋላ ፍትፍት በሰጠሁት ቁጥር ይመልሰው ይሆን እያልኩ አንገት አንገቱን ሳይ ከረምኩ። አንድ ጠዋት የበላው እዚያው ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ፈታሁት። ምስጋናው ምን ቢሆን ጥሩ ነው፤ አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ በቀጥታ ወደ አጥሩ ቀዳዳ።

ሽማግሌው ወዲያ ማዶ ነበሩ። ያችኑ ዱላ አነሡ፣ ልቤ ቀጥ አለ። በጫፏ ቀዳዳው ሥር የነበረችን አንዲት ጥንዚዛ ከነእበት ኳሷ ገፋ አድርገው አራቋትና ውሻውን በዐይናቸው ያዙት።

«ዴቢኢ» አሉት። ተመለስ ማለት ነው።

ተመለሰ።